አጥንቱ ከእኛ፣ ጥያቄውስ ከማን?

በአማርኛ «አጥንት» የሚለው ቃል ሥጋን የሚሸከመውን ጠጣር አካል ብቻ አያመለክትም። ዘር ማለት ነው፤ ወገን ማለት ነው፤ የርስት መሠረት ማለትም ነው። «አጥንቱ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሽማግሌ የሐኪም ነገር አልጠየቀም፤ የልጁን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ቁጠሩልኝ ማለቱ ነው። ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ርስት ሲከፈል እስከ አቅኚው አባት ይቆጠር ነበር። ይህ ቆጠራ ግን ሁለት ፊት እንደ ነበረው አይካድም። በአንድ ፊቱ ሰውን ከሰው ያስተሳስራል። በሌላው ፊቱ ደግሞ አጥንቱ ጠርቷል የተባለውን ከፍ፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ፋቂውንና አዳኙን ዝቅ ሲያደርግ ኖሯል። ስለ ባህል የምንጽፍና የምናስተምር ሁሉ ይህን ሁለተኛ ፊት ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል።

ዛሬ ስለ አጥንት ልጽፍ የተነሣሁበት ምክንያት ሌላ ዓይነት ቆጣሪ ስለ መጣ ነው። ሰባት ቤት ቢቆጠር ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቢደረስ ነው። አዲሱ ቆጣሪ ግን ከአንዲት ትንሽ የራስ ቅል ስባሪ ተነሥቶ 4,500፣ ሲቀናውም 18,000 ዓመት ወደ ኋላ ይዘልቃል። ይህ ቆጣሪ የጥንታዊ ዘረመል ጥናት ይባላል። በተለይም እርሻና ከብት እርባታ ሳይስፋፉ አድነውና ለቅመው ይኖሩ ስለ ነበሩ ሰዎች፣ ጽሑፍ ሊነግረን ያልቻለውን ጉዳይ ይነግረናል። ዕውቀቱ ታላቅ ነው። ይሁን እንጂ ዕውቀት ሁሉ ባለቤት አለውና፣ አጥንቱ ከእኛ ምድር ሲወጣ ጥያቄው ከማን አእምሮ እንደሚወጣ መመርመር አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

በመጀመሪያ ስለ ሥራው አካሄድ ጥቂት ልበል። በሕዋሶቻችን ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል ረጅም ክር መሰል ነገር አለ። የመልክ፣ የቁመትና የደም ዓይነት መመሪያ በእርሱ ላይ በአራት ፊደላት ተጽፏል ቢባል ምሳሌው ከእውነቱ አይርቅም። ሰው ሲሞት ይህ ክር መበጣጠስ ይጀምራል። ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ጥፋቱን ያፋጥኑታል። በቀዝቃዛው የሰሜን አገር የተገኙ አጥንቶች በብዛት ሲነበቡ የአፍሪካ አጥንቶች ለብዙ ጊዜ ሳይነበቡ የቀሩት አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ቆይቶ ግን የውስጠኛውን ጆሮ የሚከበው፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረው የራስ ቅል ክፍል ክሩን ከሌሎቹ አጥንቶች አብልጦ እንደሚያቆይ ታወቀ። ባለሙያው ከዚያ አጥንት ጥቂት ይሰረስራል፤ ከዱቄቱ ክሩን ይለያል፤ ብጥስጣሹንም በመሣሪያና በኮምፒዩተር ረዳትነት ገጣጥሞ ያነባል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የተሰረሰረ አጥንት ተመልሶ አይሞላም። የብራና መጽሐፍ በጥንቃቄ ቢነበብ ለሚቀጥለው አንባቢ ይቆያል፤ ይህኛው ግን በተነበበ ቁጥር ከፊሉ የሚጠፋ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ማን ያንብበው፣ መቼ ይነበብ፣ ምን ተብሎ ይጠየቅ የሚለው ውሳኔ ለቤተ ሙከራ ሠራተኛ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ከአፍሪካ ምድር ተገኝቶ ሙሉው የዘረመል መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበለት ጥንታዊ ሰው የእኛው አገር ሰው ነው። በጋሞ ደጋ ሞታ በሚባል ዋሻ ውስጥ፣ ከጎጃሟ ሞጣ ጋር እንዳይምታታ፣ በ2012 የተቀበረ አፅም ተገኘ። ካትሪን አርተርና ጆን አርተር የተባሉት አሜሪካውያን የከርሰ ምድር ጥናት ምሁራን በጋሞ ምድር ለብዙ ዓመታት የሠሩ ሰዎች ናቸው። ወደ ዋሻው የመሩአቸው ግን የአካባቢው ሽማግሌዎች ነበሩ። የደጋው ቅዝቃዜና የዋሻው አየር እምብዛም አለመለዋወጥ ክሩን ጠብቆ አቆየው። ሟቹ ከ4,500 ዓመታት በፊት የኖረ ወንድ ነው። ለእርሱም በጋሞኛ «ባይራ» የሚል ስም ወጣለት፤ ትርጓሜው የበኩር ልጅ ማለት ነው። እንደ ስሙም ለአፍሪካ የጥንታዊ ዘረመል ጥናት በኩር ሆነ። የምርመራው ውጤት በ2015 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ታተመ።

ባይራ ምን ነገረን? ቆዳው ጥቁር፣ ዓይኑ ቡናማ እንደ ነበረ ነገረን። ወተትን በጉልምስና ዕድሜ ለመፍጨት የሚረዳው የዘረመል ለውጥ እንዳልነበረው፣ ይልቁንም በከፍተኛ ቦታ ስስ አየር ውስጥ ለመኖር የሚረዱ ለውጦች እንደ ነበሩት ነገረን። ከሁሉም በላይ ግን ከ3,000 ዓመታት ገደማ በፊት ከምዕራብ እስያ ወገን ወደ አፍሪካ ቀንድ የመጣው የሕዝብ ፍልሰት ከመድረሱ አስቀድሞ የነበረውን የሰው መልክዐ ምድር አሳየን። ዛሬ ካሉት ከተነጻጸሩት ሕዝቦች ሁሉ ለእርሱ የቀረቡት በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት አሪዎች ሆነው ተገኙ።

ይህ ጥናት ሲታተም ግን አንድ ስሕተት አብሮ ታትሞ ነበር። ያ ከምዕራብ እስያ የመጣው ዘር ምሥራቁን ብቻ ሳይሆን መላውን አፍሪካ፣ እስከ ምዕራብና መካከለኛው ክፍል ድረስ፣ ዳርሷል የሚል መደምደሚያ ቀርቦ ነበር። ዜናውም በዓለም ናኘ። ሌሎች ሊቃውንት መረጃውን እንደገና ሲመረምሩት ግን ሁለት የኮምፒዩተር መርሐ ግብሮች ባለመጣጣማቸው ከማነጻጸሪያው የወደቀ ነገር መኖሩ ተገኘ። አዘጋጆቹም ሳያመነቱ በ2016 እርማት አወጡ። ስለ ምሥራቅ አፍሪካ የተባለው ጸና፤ ስለ መላው አፍሪካ የተባለው ተሻረ። ይህ ለሳይንስ ክብር እንጂ ውርደት አይደለም። መረጃው ለማንም ክፍት ሆኖ በመቀመጡ ስሕተቱ ሊታረም ችሏል። ሆኖም ማረሚያው ክፍት በሆነ ጊዜ ለማረም የሚበቃው እጅ የት ነበር? በአሜሪካ ነበር። አጥንቱ የጋሞ፣ ንባቡ የአውሮፓ፣ እርማቱ የአሜሪካ ሆነ። ስለ አህጉራችን ሕዝብ አመጣጥ የተነገረ ቃል ሲሳሳትም ሲታረምም እኛ አድማጮች ነበርን። የጉዳዩ ክብደት ከዚህ ይጀምራል።

ይህ ነገር ለእኔ ከመጽሔት ገጽ ያለፈ ትርጉም ያገኘው በአንድ የቀድሞ ትዝታ ምክንያት ነው። ከሠላሳ ዓመታት በላይ ይሆነዋል፣ በአሪ ምድር ጂንካ አቅራቢያ የተፈጥሮ ሳይንስ አስተምር ነበር። በአሪዎች ዘንድ ገበሬውና «ማና» የሚባሉት ባለእጆች፣ ማለት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች፣ አንድ ቋንቋ እየተናገሩ በጋብቻ አይገናኙም ነበር፤ በማዕድም አብረው አይቀርቡም ነበር። ከክፍሌ አንድ የቀጥቃጭ ልጅ ነበረ። በሒሳብ የሚስተካከለው አልነበረም። በመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ብቻውን ይቀመጣል፤ ማንም አያባርረው፣ ማንም አጠገቡ አይቀመጥ። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ቀርቦ፣

«ጋሼ፣ የእኛ ደም ከእነርሱ ደም ልዩ ነው ይባላል። በማይክሮስኮፕ ይታያል?» አለኝ።

በትምህርት ቤቱ የነበረችው ማይክሮስኮፕ አንዲት ብቻ ነበረች። የእርሱንና የአንዱን የገበሬ ልጅ ጣት በመርፌ ወጋ አድርጌ ሁለቱን ጠብታዎች በመስታወት ላይ አነጠፍኩ። ሁለቱም ልጆች ተራ በተራ ተመለከቱ። ያዩት ያው ክብ ክብ ቀያይ ሕዋስ ነው። የቀጥቃጩ ልጅ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሣ፣

«እንግዲያው ለምን አብረውን አይበሉም?» አለ።

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መነጽር በቤተ ሙከራው አልነበረም። ስለ ሥራ ክቡርነት፣ ማረሻና ማጭድ ያለ ቀጥቃጭ እንደማይገኝ፣ ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ባለእጅን መስደብን የሚያወግዝ አዋጅ ማስነገራቸውን ነገርኳቸው። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። ልጁ የጠየቀው ግን ስለ ሥራ ሳይሆን ስለ አመጣጥ ነበር። በዚያን ጊዜ በምሁራን ዘንድ ሁለት ግምት ነበረ። አንደኛው፣ ባለእጆቹ ገበሬው ከመምጣቱ በፊት በአገሩ የነበሩ የጥንት አዳኞች ቅሬታ ናቸው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ከገበሬው ጋር አንድ የነበሩና በሥራቸው ምክንያት የተገለሉ ናቸው ይላል። የትኛው እንደሚረታ ለማወቅ የሚያስችል መሣሪያ ገና አልተሠራም ነበር።

መሣሪያው መጣ፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሊያሳስት ደርሶ ነበር። በ2012 የኢትዮጵያን ሕዝቦች ዘረመል የመረመረ አንድ ሰፊ ጥናት ታተመ። ከተመረመሩት መካከል የአሪ ቀጥቃጮችና የአሪ ገበሬዎች ተለያይተው ይገኙበታል። ሰዎችን በዘር ቅርበት እየመደበ የሚያሳየው መርሐ ግብር ቀጥቃጮቹን ለብቻ ለይቶ አወጣቸው። ላይ ላዩን ለተመለከተ ሰው የመጀመሪያው ግምት የረታ መሰለ፤ ቀጥቃጩ ከጥንት የተለየ ግንድ ነው እንደ ማለት።

በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ግን ነገሩን ከሥሩ መረመረው። ከአዘጋጆቹ መካከል ኢትዮጵያውያኑ እንዳሻው በቀለና አየለ ታረቀኝ ይገኙበታል። የደረሱበትም ውጤት ይህ ነው፤ ቀጥቃጩና ገበሬው ካለፉት 4,500 ዓመታት ወዲህ የተለያዩ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ልዩ ያስመሰላቸው መገለላቸው ነው። ቁጥሩ ጥቂት የሆነ ወገን ለብዙ ትውልድ እርስ በርሱ ብቻ ሲጋባ፣ ዘረመሉ በዕድል ብቻ ከሌላው እየራቀ ይሄዳል፤ መርሐ ግብሩም ይህን መራቅ እንደ ጥንታዊ ልዩ አመጣጥ ያነበዋል። በእናቶቻችን ማዕድ ቤት ምሳሌ እንየው። ከአንድ እርሾ ተቆርጦ በሁለት ቤት የተቀመጠ እርሾ ከጊዜ በኋላ ጣዕሙ ይለያያል። ታሪኩን የማያውቅ እንግዳ ሁለቱን እንጀራ ቀምሶ «እርሾአቸው ለየብቻ ነው» ቢል አይፈረድበትም፤ ነገር ግን አልመታም።

እንግዲህ ለዚያ ልጅ ጥያቄ ሳይንስ የሰጠው መልስ ይህ ሆነ፤ ልዩነት ንቀትን አልወለደም፤ ንቀት ልዩነትን ወለደ። «አይጋቡንም፣ ዘራቸው ልዩ ነውና» ይባል የነበረው ተገልብጦ «ስላልተጋባናቸው ዘራቸው ልዩ መሰለ» ሆነ። ይህን ውጤት ከዚያው ምድር የማኅበራዊ ኑሮ ታሪክ ውጪ ማንበብ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ አንባቢ ይመልከት። የመጀመሪያው ሥዕል ሳይመረመር ወደ መማሪያ መጽሐፍ ቢገባ ኖሮ፣ የሽማግሌ ተረት የነበረው ንቀት የሳይንስ ማኅተም ይመታበት ነበር። ኮምፒዩተሩ አሪዎች እነማን እንደ ሆኑ፣ ማን ከማን እንደማይበላ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። የአካባቢ ምሁር በጥናት ማዕድ መቀመጡ ለወግ ሳይሆን ለእውነቱ ሲባል የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ከአሪ ወደ ምዕራብ ርቀን ወደ ሸካና ማጃንግ ደን ብንሻገር ደግሞ ቻቡ የሚባሉ ሕዝቦች እናገኛለን። በአደንና በማር ቆረጣ ለዘመናት የኖሩ፣ ቋንቋቸውም ከጎረቤቶቻቸው ቋንቋዎች ጋር ያለው ዝምድና ገና ያልተረጋገጠ ነው። ዛሬ ኑሯቸው ወደ እርሻ በመለወጥ ላይ ይገኛል። በ2022 የታተመ ጥናት ቻቡዎችን ከማጃንግ፣ ከሸካቾ፣ ከቤንችና ከሸኮ ጋር አነጻጽሮ መረመረ። ቻቡዎች ከ4,500 ዓመታት በፊት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለኖሩት ሰዎች፣ ማለትም ለባይራ ወገኖች፣ የቀረቡ ራሳቸውን የቻሉ ሕዝብ መሆናቸውን አረጋገጠ። እንዲሁም ዘር የሚያቆየው የሕዝቡ ቁጥር ከ1,400 ዓመታት ገደማ ጀምሮ በብርቱ እየጠበበ መምጣቱን አሳየ።

የአሪ ቀጥቃጭ ታሪክና የቻቡ ታሪክ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ትምህርት ይሰጣሉ። አንደኛው ከጥንት አዳኝ የተለየ ግንድ ነው ተብሎ ሳይሆን ቀረ፤ ሁለተኛው ግን በእርግጥ የጥንቱን ግንድ ጠብቆ ተገኘ። ሁለቱንም በአንድ ሚዛን «የጥንት ቅሬታ» ብሎ መጥራት ሁለቱንም መበደል ነው። ቻቡም ቢሆኑ የጥንት ዘመን ሥዕል አይደሉም። ደናቸው ሲመነጠር የሚጎዱ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚሰዱ፣ የዛሬ ዘመን ዜጎች ናቸው። ከአዳኝ ሕዝብ ዘንድ ለምራቅና ለደም ናሙና የሚሄድ አጥኚ፣ አብሮት የሚኖረው ሕዝብ ዛሬ ምን እንደሚያስጨንቀው ሳይጠይቅ የ4,500 ዓመቱን ጉዳይ ብቻ ቢጠይቅ ጥያቄው ግማሽ ነው።

የባይራ መጽሐፍ ከአገራችንም ወሰን አልፎ አገልግሏል። በ2022 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ከማላዊ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ የተገኙ 6 ጥንታውያን አዳኞችን አነበበ። ዕድሜያቸው ከ18,000 እስከ 5,000 ዓመት ይደርሳል፤ አንጋፋው ምላምባላሲ ከሚባለው የታንዛኒያ ዋሻ የተገኘው ነው። ጥናቱ እነዚህን ሰዎች ከሦስት ጥንታውያን ግንዶች የተሸመኑ ሆነው አገኛቸው። አንደኛው ግንድ ከደቡብ አፍሪካ የሳን አዳኞች፣ ሁለተኛው ከመካከለኛው አፍሪካ ደን ነዋሪዎች ጋር የሚዛመድ ነው። የሦስተኛው፣ የምሥራቁ ግንድ እማኝ የሞታው ባይራ ነው። አንድ የጋሞ ሰው በማላዊ ተራራ ሥር የተቀበሩትን ሰዎች ታሪክ ለማንበብ ቁልፍ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህም የሚከተለው ለኪነጥበብ ሰዎች የሚጥም ነው። የግንዶቹ መቀላቀል የተጀመረው ከ20,000 ዓመታት በፊት ቀደም ብሎ፣ ምናልባትም ከ80,000 እስከ 50,000 ዓመታት ባለው ዘመን ነው። ሰዎች ረጅም መንገድ ይጓዙ፣ ከሩቅ ሰው ጋር ይጋቡ ነበር። በዚያው ዘመን በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት የተሠሩ ዶቃዎች በአሠራር ተመሳስለው ይገኛሉ፤ ከ50,000 ዓመታት በፊት በሁለቱ አካባቢዎች መካከል ግንኙነት እንደ ነበረ ይመሰክራሉ። ዘረመሉ የተናገረውን የጌጥ ሠሪው እጅ ቀድሞ ተናግሮት ነበር። ከ20,000 ዓመታት ወዲህ ግን ሰዎች ይበልጥ በየአካባቢያቸው ተወስነው ከቅርብ ጎረቤት ጋር መጋባት ያዙ። የአዳኞቹ ዓለም ጨለማና የቆመ ዓለም ሳይሆን የሚለዋወጥ፣ ታሪክ ያለው ዓለም ነበር።

ይህ ጥናት 44 አዘጋጆች ነበሩት። ከመካከላቸው የማላዊ፣ የታንዛኒያ፣ የዛምቢያና የኬንያ ቤተ መዘክር ሠራተኞችና ምሁራን ይገኙበታል። ከአጥንቶቹ አንዳንዶቹ ከብዙ ዓመታት በፊት ተቆፍረው በየአገሩ ቤተ መዘክር የተቀመጡ ነበሩ። ደመወዙ አነስተኛ፣ ጣሪያው አፍሳሽ በሆነ መጋዘን ውስጥ ካርቶኑን ከምስጥ ያዳነ፣ ቁጥሩን በመዝገብ የጠበቀ ሰው ባይኖር ኖሮ የሚነበብ ነገር አይኖርም ነበር። በቀድሞው ልማድ ይህ ሰው በጽሑፉ መጨረሻ በአንድ የምስጋና መስመር ይታለፍ ነበር። ስሙ ከአዘጋጆቹ መካከል መግባቱ በጎ ጅምር ነው። ሆኖም ማንበቢያው መሣሪያ ያለበት ቤተ ሙከራ አሁንም በአብዛኛው በሰሜኑ ዓለም ነውና፣ ስም በመግባቱ ብቻ ነገሩ አላለቀም።

በደቡብ አፍሪካ ነገሩ ከዚህ ራቅ ብሎ ሄዷል። የሳን ሕዝብ መሪዎች፣ ለብዙ ዘመን በአጥኚዎች ሲለኩና ሲቀረጹ ከቆዩ በኋላ፣ በ2017 አጥኚዎች ሊከተሉት የሚገባቸውን የሥነ ምግባር ደንብ ራሳቸው አወጡ። አክብሮት፣ ሐቀኝነት፣ ፍትሕና እንክብካቤ የደንቡ ምሰሶዎች ናቸው። በበረሃ ዱካ እየተከተለ ያድን የነበረ ሕዝብ ለዩኒቨርሲቲ ሕግ ጻፈ። በ2021 ደግሞ ከ31 አገሮች የተውጣጡ ምሁራን በሰው አፅም ላይ የሚደረግ የዘረመል ጥናት ሊጠብቃቸው የሚገቡ 5 መመሪያዎችን አሳተሙ። የየአገሩን ሕግ ማክበር፣ አስቀድሞ ዝርዝር ዕቅድ ማውጣት፣ በአፅሙ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት መቀነስ፣ ውጤቱ እንዲመረመር መረጃውን መክፈት፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ሰዎች ማሳተፍና ስሜታቸውን ማክበር ናቸው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረኝ ግን የሰዘርላንድ ከተማ ታሪክ ነው። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የአፅም ስብስቡን ሲመረምር ያለ አግባብ የገቡ የሰው አፅሞች አገኘ። ከእነርሱ መካከል 9ኙ በ1920ዎቹ ከሰዘርላንድ አቅራቢያ ከአንድ እርሻ ተወስደው ለትምህርት መሣሪያነት የተሰጡ የሳንና የኮይ ሰዎች አፅም ነበር። ዩኒቨርሲቲው ነገሩን ከመደበቅ ይልቅ ዘሮቻቸውን ፈልጎ አገኘና ጠየቀ። ዘመዶቹ ምን አሉ? «ቶሎ ቅበሩልን» ብቻ አላሉም። ከመቀበራቸው በፊት እንዲመረመሩ፣ እነማን እንደ ነበሩና እንዴት እንደ ኖሩ እንዲነገራቸው ጠየቁ። ሳይንቲስቶቹም መረመሩ፤ ዘረመሉን አነበቡ፤ የሟቾቹን ፊት በጥበብ መልሰው ሠርተው ለቤተሰቦቹ አሳዩ። በ2023 መጨረሻ አፅሞቹ በሰዘርላንድ በክብር ተቀበሩ። ያው ቤተ ሙከራ፣ ያው መሣሪያ፣ ያው ዱቄት ነው፤ ጥያቄው ከቤተሰቡ ስለ መነጨ ግን ዘረፋ የነበረው ነገር ተዝካር ሆነ።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ረገድ ባዶ እጃችንን አይደለንም። ድንቅነሽ በ1974 በሐዳር ስትገኝ ለጥናት ባሕር ተሻግራ ነበር። በ1982 መንግሥት የውጭ ቡድኖችን የቅድመ ታሪክ ፍለጋ አግዶ ደንቡን እንደ አዲስ ለማውጣት ተነሣ። እገዳው ብዙ አከራከረ፤ በዚያው ዘመን ግን የአገር ልጆች ሠለጠኑ፤ በብሔራዊ ቤተ መዘክርም የምርምር ክፍል ተደራጀ። ብርሃኔ አስፋውን የመሰሉ ምሁራን በገዛ አገራቸው አፈር ቆፋሪና ተርጓሚ ሆኑ። በ2000 በዲኪካ የተገኘችውንና በ2006 ለዓለም የተዋወቀችውን ሕፃን ሰላምን የመራው ጥናት የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ነበር። ከድንቅነሽ እስከ ሰላም ባለው ሠላሳ ዓመት ውስጥ ኢትዮጵያዊው ከመንገድ መሪነት ወደ ጥናት መሪነት ተሻገረ። በአጥንት ቅርጽ ጥናት የተቻለው በዘረመል ጥናት የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ታዲያ «በአገር ሰው የሚመራ ጥናት» ሲባል የውጭውን ሰው በር መዝጋት ማለት አለመሆኑ ይታወቅልኝ። ዕውቀት ወሰን የለውም፤ የባይራ ታሪክም የጋሞ ሽማግሌ፣ የአሜሪካ ቆፋሪና የአውሮፓ አንባቢ ባይገናኙ አይገኝም ነበር። ልዩነቱ የሚለካው በሦስት ነገር ይመስለኛል። አንደኛ፣ ጥያቄው ሲረቀቅ በማዕዱ ዙሪያ ማን ተቀምጧል? ሁለተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ በአርባ ምንጭ፣ በጂንካ፣ በአዲስ አበባ ያንኑ ሥራ መድገምና ማረም የሚችል ወጣት ቀርቷል ወይስ ባዶ ጉድጓድ ብቻ? ሦስተኛ፣ ውጤቱ አጥንቱን ላቆየው ሕዝብ በሚሰማው ቋንቋ ተመልሷል ወይስ በባዕድ ቋንቋ ታትሞ በዚያው ቀርቷል? እነዚህን ሦስት ያሟላ ጥናት አዘጋጁ ከየትም ይምጣ የእኛ ነው። ያላሟላ ግን የአገር ሰው ስም ቢደረደርበትም የእኛ አይደለም።

ሦስተኛውን ሥራ ማንም እስኪያዘን መጠበቅ አይገባንም፤ የመምህሩና የከያኒው ድርሻ ነውና። የአሪ ቀጥቃጭና የአሪ ገበሬ አንድ ግንድ መሆናቸው በእንግሊዝኛ ከታተመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። በአሪኛ ምን ያህል ሰው ሰምቶታል? የቻቡ ልጅ ስለ ራሱ ሕዝብ የተገኘውን ነገር በየትኛው መጽሐፍ ያነበዋል? የባሕል ቢሮ ሠራተኛ በወረዳው ለጥናት የሚመጣውን ሁሉ «የቀደመው አጥኚ ውጤት የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መምህሩ በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ የእርሾውን ምሳሌ ቢያነሣ፣ ጸሐፌ ተውኔቱ ቀጥቃጩንና ገበሬውን በአንድ መድረክ ቢያገናኝ፣ ሠዓሊው ባይራን በጋሞ ደጋ ላይ ቆሞ ቢያሳየን፣ ንባቡ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በየክፍሉ የመጨረሻ አግዳሚ ላይ ብቻቸውን የሚቀመጡ ልጆች ዛሬም ይኖራሉ። መልሱ በመጽሔት ታትሟል፤ የቀረው ወደ እነርሱ ማድረስ ነው።